ሃርሊንግ ለማየት የትኛው አይሪሽ ፐብ ይሻላል?

ሐምሌ 13 ቀን 2017 ዓ.ም. እሑድ ጠዋት ነው። በፈረንጆቹ ጁላይ 20፣ 2025። ከዚህ በታች ያሉት ዓመታት ሁሉ በፈረንጆቹ ናቸው። ኒውዮርክ፣ ብሮንክስ፣ ዉድሎን የሚባለው ሰፈር አንድ ፐብ ውስጥ ተቀምጫለሁ። ከሲልቨር ስፕሪንግ፣ ሜሪላንድ ገና ሳይነጋ ተነስተን ነው የነዳነው። ቤቱ በቀይ ማሊያ ተጥለቅልቋል። ኮርክ የሚባለው የአየርላንድ ካውንቲ (አውራጃ በሉት) ደጋፊዎች ናቸው። ኮርክ የሃርሊንግን፣ የኛን ገና የሚመስለውን የአየርላንድ ጨዋታ፣ ዋንጫ ካነሳ 20 ዓመት ሞልቶታል፤ ዘንድሮ ግን የኛ ነው ብለው ነው የመጡት።

ለእረፍት ሲወጡ ኮርክ በ6 ነጥብ እየመራ ነበር። ዘፈኑ ቀለጠ። ከእረፍት መልስ ባለው ጊዜ ሁሉ ግን ኮርክ ያስቆጠረው 2 ነጥብ ብቻ ነው። ተጋጣሚው ቲፐሬሪ 3 ጎልና 14 ነጥብ ጨመረ። ያ ሁሉ ሰው እንዴት ጸጥ እንዳለ አልረሳውም።

አጠገቤ አንድ አዛውንት ተቀምጠዋል። ሰማያዊና ቢጫ ስካርፍ አድርገዋል፤ የቲፐሬሪ ሰው ናቸው። ቡድናቸው እያሸነፈ አንዴም አልጮሁም። የኮርክ ማሊያ የለበሰው ጓደኛቸው ከጎናቸው አንገቱን ደፍቷል። እጃቸውን ትከሻው ላይ ጣል አድርገው እስከ መጨረሻው አብረውት ተቀመጡ። እኔ ያኔ ትዝ ያለኝ የልጅነቴ ገና ነው። በገና ጨዋታ አይቆጡም ጌታ።

ከዚያ ስድስት ሳምንት ቀደም ብሎ ደግሞ መሀል ከተማ ያለ ሌላ አይሪሽ ፐብ ሄጄ ነበር። መንስተር የሚባለው የአየርላንድ ደቡባዊ ክፍለ ሀገር ፍጻሜ፣ ኮርክ ከሊመሪክ። በስልክ ስጠይቅ "አዎ፣ ሁሉንም ስፖርት እናሳያለን" አሉኝ። ስደርስ ጨዋታው ጥግ ላይ ያለች ትንሽ ስክሪን ላይ ነው፤ ድምፅ የለውም። ተጨማሪ ሰዓቱ ሲጀመር አስተናጋጁ መጥቶ ቻናሉን ቀየረው። ያ ጨዋታ በፍጹም ቅጣት ምት ነው የተለየው። ኮርክ አሸነፈ። እኔ ውጤቱን በስልኬ አነበብኩት።

ሁለቱም አይሪሽ ፐብ ናቸው። ሁለቱም በር ላይ አረንጓዴ ቀለም፣ ግድግዳ ላይ የጊነስ ማስታወቂያ አላቸው። ልዩነታቸው ግን የሰማይና የምድር ነው። ይህን ጽሑፍ የጻፍኩት ከአገር ውጭ ላላችሁ፣ ይህን ጨዋታ ለማየት ለጓጓችሁ ሁሉ ነው፤ እኔ የተቆጨሁበትን እናንተ እንዳትደግሙት።

ለማያውቁት በአጭሩ

ሃርሊንግ ገናን ለሚያውቅ ሰው እንግዳ አይደለም። ዱላ አለ፣ ሩር አለ። ዱላውን ሃርሊ ይሉታል፤ አሽ ከሚባል እንጨት ይሠራል። ኳሱ ስሊተር ይባላል፤ ክብደቱ ከ110 እስከ 116 ግራም ነው። ትልቁ ልዩነት ኳሱ መሬት ለመሬት ብቻ አለመሄዱ ነው። በዱላ አንስተው፣ ዱላው ጫፍ ላይ አስቀምጠው ይሮጣሉ። አየር ላይ እንዳለ ይመቱታል። በየቡድኑ 15 ሰው ይሰለፋል። ከ2010 ወዲህ ሁሉም የራስ ቁር የማድረግ ግዴታ አለበት፤ አንድ ጨዋታ ያየ ለምን እንደሆነ አይጠይቅም።

ጌሊክ ፉትቦል የሚባለው ሌላው የአየርላንድ ጨዋታ ደግሞ በእጅም በእግርም የሚጫወቱት ነው። የሁለቱም ጎል የኤች ፊደል ቅርጽ አለው። ከአግዳሚው በላይ ከሄደ 1 ነጥብ፣ ከአግዳሚው በታች መረቡ ውስጥ ከገባ ጎል፤ ጎል 3 ነጥብ ይቆጠራል። ውጤቱ 3-27 ተብሎ ሲጻፍ 3 ጎልና 27 ነጥብ ማለት ነው፤ ተደምሮ 36። ያን ቀን ቲፐሬሪ 3-27፣ ኮርክ 1-18 ነበር። 36 ለ21። ሰረዙን ካልተረዳችሁ ስክሪኑ ግራ ያጋባችኋል፤ እኔ የመጀመሪያዎቹን ሁለት ጨዋታዎች ማን እንደሚመራ ሳላውቅ ነው የጨረስኩት።

አንድ የሚጠቅም ዘዴ ልንገራችሁ። ድምፅ በማይሰማበት ቤት ከሆናችሁ ከጎሉ አጠገብ ነጭ ካፖርት የለበሱትን ዳኞች ተመልከቱ። ነጭ ባንዲራ ካነሱ ነጥብ ነው። አረንጓዴ ከሆነ ጎል። በፉትቦል ደግሞ ከ2025 ጀምሮ ከ40 ሜትሩ ቅስት ውጭ ተመትቶ ከአግዳሚው በላይ የሄደ ኳስ 2 ነጥብ ያሰጣል፤ ለዚያ ብርቱካናማ ባንዲራ ይነሣል።

ለመጀመሪያ ጊዜ የምታዩ ከሆነ በሃርሊንግ ጀምሩ። ፉትቦሉም ግሩም ነው፤ ሃርሊንግ ግን ማብራሪያ ሳይፈልግ ዓይን ይይዛል።

ልቤን የነካው ነገር ሌላ ነው። እነዚህ ተጫዋቾች ደሞዝ የላቸውም። ከ82,000 ሰው በላይ በሚይዘው የደብሊኑ ስታዲየም ክሮክ ፓርክ እሑድ ዋንጫ ያነሣው ልጅ መምህር ወይም ኤሌክትሪሺያን ሊሆን ይችላል። የሚጫወተውም ለተወለደበት ካውንቲ ነው። ለዚህ ነው አገሩን ለቅቆ የወጣ አይሪሽ ጨዋታውን የማይለቀው፤ ስክሪኑ ላይ የሚያየው ሰፈሩን ነው።

የአይሪሾች ሰፈር ያለው ፐብ

ከልቤ የምመክረው ይህንን ነው፤ ስለዚህ ረዘም አድርጌ እነግራችኋለሁ።

ኒውዮርክ ከሆናችሁ ዉድሎን አለ። ከዚያ ድንበሩን ተሻግሮ ዮንከርስ ውስጥ ማክሊን አቬኑ አለ። ኩዊንስ ውስጥ ዉድሳይድና ሰኒሳይድ። ቦስተን ዶርቼስተር። ለንደን ደግሞ ኪልበርንና ክሪክልዉድ ከድሮ ጀምሮ የአይሪሽ ሠራተኛ የሰፈረባቸው ናቸው። በእነዚህ ሰፈሮች ፐብ ማለት እኛ ዘንድ እድር፣ ሥራ ማፈላለጊያና ቡና መጠጫ የሚሠሩትን ሥራ ባንድ ላይ የሚሠራ ቤት ነው። አዲስ መጤው ሥራ የሚያገኘው፣ የሞተው ሰው አስከሬን አገሩ እንዲገባ ገንዘብ የሚሰበሰበው እዚያ ነው። ጨዋታው የዚሁ ኑሮ አካል ነው።

ኒውዮርክ ከዚህ ጨዋታ ጋር ያላት ነገር ደግሞ ጥልቅ ነው። በ1947 የአየርላንድ የፉትቦል ፍጻሜ ራሱ ውቅያኖስ ተሻግሮ መጥቶ ማንሃተን ላይ፣ ፖሎ ግራውንድስ በሚባለው ስታዲየም ተደርጓል። አየርላንድን ያራቆተው ታላቁ ረሃብ የከፋበት 1847 መቶ ዓመት የሞላበት ጊዜ ነበር። ካቫን ኬሪን 2-11 ለ2-7 አሸነፈ። አየርላንድ ያለው ሕዝብ በሬዲዮ ነው የሰማው። ጨዋታው ዘግይቶ ስለጀመረ የተከራዩት የስልክ መስመር ሊቋረጥ ሆነ። አስተላላፊው ማይክል ኦሄር በቀጥታ ሥርጭቱ ላይ "አምስት ደቂቃ ብቻ ጨምሩልን" እያለ ተማጸነ። መስመሩ አልተቋረጠም። ዛሬ በየፐቡ ስክሪኑ ቀጥ ባለ ቁጥር ይህን የሚያነሳ ሽማግሌ አይጠፋም።

የዚህ ዓይነት ቤት ጥቅሙ ምንድን ነው? ድምፁ የጨዋታው ነው። ትልቁ ስክሪን የጨዋታው ነው። ያልገባችሁን ብትጠይቁ በደስታ የሚያስረዳ ሰው አጠገባችሁ አለ። ደግሞም ያስረዳሉ! ለእኔ ከ65 ሜትሩ መስመር ላይ የሚመታውን ምት ያስረዱኝ እኚያው የቲፐሬሪ አዛውንት ናቸው፤ ጠረጴዛውን ሜዳ፣ የስኳር ከረጢቱን በረኛ አድርገው።

ጉዳቱም አለ። በፍጻሜ ቀን አንዳንዶቹ በር ላይ ያስከፍላሉ። እኔ 20 ዶላር ከፍያለሁ። ይህ ለኛ እንግዳ አይደለም፤ ሰፈራችን ዲኤስቲቪ ቤት አርሰናልን ለማየት በር ላይ ከፍለን ነው ያደግነው። ፐብ ለንግድ የሚሆን ፈቃድ ለብቻው መግዛት አለበት፤ የግለሰብ የቤት ደንበኝነት አይበቃውም። ክፍያው ለዚያ ነው። ሌላው ችግር መቀመጫ ነው። ጨዋታው ከመጀመሩ አንድ ሰዓት ቀድማችሁ ካልደረሳችሁ ቆማችሁ ነው የምታዩት። ሰፈሮቹም አብዛኛውን ጊዜ ከመሀል ከተማ ይርቃሉ።

መሀል ከተማ ያለው ፐብ

በ1990ዎቹ ደብሊን ውስጥ አንድ ኩባንያ ከጊነስ ጋር ተባብሮ አይሪሽ ፐብ ንድፍ አውጥቶ፣ ዕቃውን አሠርቶ ወደ ውጭ አገር መላክ ጀመረ። የገጠር ጎጆ መሳይ አለ፤ የድሮ ሱቅ መሳይ አለ፤ የቢራ መጥመቂያ መሳይም አለ። ከአቡዳቢ እስከ ቶኪዮ የምታዩዋቸው ብዙዎቹ እንዲህ የተሠሩ ናቸው። ይህን የምለው ለማጣጣል አይደለም። በእንዲህ ዓይነት ቤት ደስ የሚል ምሽት አሳልፌያለሁ። ግን የግድግዳው ጌጥ ጨዋታው እንደሚታይ ማረጋገጫ አይሆንም።

ታዲያ እንዴት ይለያል? ስትገቡ ግድግዳውን እዩ። ያረጀ የቢራ ማስታወቂያ ብቻ ከሆነ አትቸኩሉ። በፍሬም የተሰቀለ የካውንቲ ማሊያ፣ የተሰበረ ሃርሊ፣ የከተማው ክለብ ፎቶ ካለ ግን ደህና ቦታ ናችሁ። ከሁሉ የሚበልጠው ምልክት ቤቱ የአካባቢውን የጌሊክ ክለብ ስፖንሰር ማድረጉ ነው። የፐቡ ስም ማሊያ ላይ ተጽፎ ካያችሁ ጥርጥር የለውም፤ እዚያ ጨዋታው ይታያል።

መሀል ከተማ ያለው ፐብ የሚሻልበትም ጊዜ አለ። ከዚህ በፊት ምንም አይታችሁ የማታውቁ፣ ጓደኛ ይዛችሁ የምትሄዱ፣ ምግብ በሰላም መብላት የምትፈልጉ ከሆነ ይመቻል። ትራንስፖርት ይቀርባል። ዲሲ ዩኒየን ስቴሽን አጠገብ ያለው ደብሊነር ከ1974 ጀምሮ የቆየ ነው። ዱባይ ጋርሁድ ያለው አይሪሽ ቪሌጅ ደግሞ ከ1996 ጀምሮ አለ፤ ግቢው ሰፊ ነው። የትኛው ቀን የትኛውን ጨዋታ እንደሚያሳዩ ግን ሁልጊዜ ቀድማችሁ ደውሉ።

ወሩም ወሳኝ ነው። በሚያዝያና በግንቦት የእንግሊዝ ፕሪሚየር ሊግ ገና አላለቀም። መሀል ከተማ ያለ ፐብ ከማንችስተር ዩናይትድና ከክሌር ካውንቲ አንዱን ምረጥ ቢባል ድምፁን ለማን እንደሚሰጥ ታውቁታላችሁ። በሐምሌ ግን ሊጉ ዝግ ነው። በዚያ ወር መሀል ከተማም የተሻለ ዕድል አላችሁ።

የክለብ ሜዳ

ይህን ብዙ ሰው አያውቀውም። አይሪሾች በተሰደዱበት ሁሉ ሜዳ ገዝተው ወይም ተከራይተው ራሳቸው ይጫወታሉ። ብሮንክስ ውስጥ ጌሊክ ፓርክ አለ፤ በቁጥር 1 ባቡር 238ኛ ጎዳና ወርዳችሁ በእግር ትደርሳላችሁ። ቺካጎ አጠገብ ኦክ ፎረስት ላይ እንዲሁ ጌሊክ ፓርክ አለ። ቦስተን አጠገብ ካንቶን፣ ለንደን ደግሞ ራይስሊፕ። የኒውዮርክና የለንደን ቡድኖች በአየርላንዱ የኮናክት ክፍለ ሀገር የፉትቦል ሻምፒዮና ይሳተፋሉ። ኒውዮርክ በዚያ ውድድር የመጀመሪያ ድሉን ያገኘው በ2023 ነው፤ ሊትሪምን በፍጹም ቅጣት ምት አሸንፎ። ያኔ የሚያለቅስ ትልቅ ሰው ብዙ ነበር።

ልጆች ካሏችሁ ከፐብ ይልቅ እዚህ ሂዱ። ልጆቹ ከሜዳው ዳር ይሯሯጣሉ፤ ዱላ የሚያውሳቸውም አያጡም። ጨዋታውን በአካል ታያላችሁ። ስክሪን ላይ የኳሱ ፍጥነት አይገባችሁም፤ ሜዳ ዳር ስትቆሙ ግን የእንጨቱ ድምፅ ራሱ ያስደነግጣል። ጉዳቱ የአየርላንዱን ትልቅ ጨዋታ ሁልጊዜ አለማሳየታቸው ነው። የራሳቸው ጨዋታ ካለ ያ ይቀድማል።

ሌላም ጥቅም አለ። ፐብ መምረጥ ካቃታችሁ ክለቡን ጠይቁ። ዋሽንግተን ዲሲ ጌልስ አለ፤ ዱባይ ሴልትስ አለ፤ አቡዳቢ ና ፊያና አለ። አውሮፓም በየከተማው ክለብ አያጣም። "እሑድ የት ነው የምታዩት?" ብላችሁ በማኅበራዊ ገጻቸው መልእክት ላኩ። እኔ ከዚህ የተሻለ መንገድ አላገኘሁም። የሚልኳችሁ ቤት ጌጡ የማያምር ሊሆን ይችላል፤ ጨዋታው ግን አይቀየርባችሁም።

ቤት ቁጭ ብሎ ማየት

ከ2014 ጀምሮ ጂኤኤጎ የሚባል የኢንተርኔት አገልግሎት ነበር። ከ2025 ወዲህ ጂኤኤ ፕላስ ሆኗል። ባለቤቱ ጨዋታዎቹን የሚመራው የጌሊክ አትሌቲክስ ማኅበር፣ በአጭሩ ጂኤኤ ነው። ማኅበሩ በ1884 ቲፐሬሪ ውስጥ ተርልስ በሚባል ከተማ የተመሠረተ ነው። ደንበኝነት ትገዛላችሁ፤ ስልክ፣ ላፕቶፕ ወይም ቴሌቪዥን ላይ ታያላችሁ። የሚታዩት ጨዋታዎች እንደየአገሩ ስለሚለያዩ ከመክፈላችሁ በፊት ያላችሁበትን አገር ዝርዝር እዩ።

ዋጋው ለአንድ ሰው ቢከብድም ለቤተሰብ ሲካፈል ቀላል ነው። ደጋግሞ ማየት ይቻላል። ያልገባችሁን ወደኋላ መልሳችሁ ታያላችሁ። ሕጉን ለመማር ከዚህ የሚሻል የለም። ብቻችሁን ስትሆኑ ግን የሚጎድል ነገር አለ። የሃርሊንግ ጨዋታ 70 ደቂቃ ነው፤ ነጥብ በየደቂቃው ይገባል ማለት ይቻላል። ከጎናችሁ የሚያቃስት፣ የሚዘል፣ "ምን ሆነሃል አንተ!" እያለ ስክሪኑን የሚቆጣ ሰው ከሌለ ጨዋታው ግማሽ ይሆናል። በ2024 ክሌር ኮርክን በተጨማሪ ሰዓት በ1 ነጥብ ብቻ ሲያሸንፍ ቤቴ ብቻዬን ነበርኩ። 3-29 ለ1-34። ጮኬ ጮኬ ዞር ስል ማንም የለም። ዉድሎን ለመሄድ የወሰንኩት ያን ቀን ነው።

ሰዓቱ፣ ቅዳሴውና ጾሙ

ይህ በሌላ መመሪያ የማታገኙት ነው፤ ለኛ ግን ዋናው ነው።

ከ2022 ወዲህ የሃርሊንጉም የፉትቦሉም ፍጻሜ በጁላይ፣ እሑድ እሑድ ሆነዋል። ድሮ በሴፕቴምበር ነበር። የ2025ቱ ፍጻሜዎች በአየርላንድ ሰዓት አቆጣጠር ከቀኑ 9፡30 ነበር የጀመሩት። በኛ አቆጣጠር ነው የምቆጥረው። ያ ማለት ፍራንክፈርትና ስቶክሆልም 10፡30፣ ቴል አቪቭና አዲስ አበባ 11፡30፣ ዱባይ ከምሽቱ 12፡30 ነው። ዲሲና ኒውዮርክ ከጠዋቱ 4፡30 ይሆናል፤ ሎስ አንጀለስና የካሊፎርኒያዋ ኦክላንድ ከጠዋቱ 1፡30። ሜልቦርን ከሌሊቱ 6፡30 ነውና ሰኞ ሥራ ካላችሁ አስቡበት።

ለዱባይና ለቴል አቪቭ ሰው ሰዓቱ እንደ ልብ ነው። አሜሪካ ላለን ኦርቶዶክሶች ግን ከቅዳሴ ጋር ይጋጫል። እኔ ያን እሑድ የቀረሁት ከብዙ ማሰብ በኋላ ነው፤ በየዓመቱ አላደርገውም። መፍትሔው ግማሽ ፍጻሜው ነው። ከሁለቱ የሃርሊንግ ግማሽ ፍጻሜዎች አንዱ ቅዳሜ ይደረጋል። በ2025 ኮርክ ደብሊንን 7-26 ለ2-21 ያሸነፈበት ቅዳሜ ነበር፤ ሰባት ጎል! የመንስተር ሻምፒዮናም አለ። ኮርክ፣ ሊመሪክ፣ ቲፐሬሪ፣ ክሌርና ዋተርፎርድ ከሚያዝያ ጀምሮ እርስ በርስ ይጫወታሉ። በእኔ ፍርድ የመንስተር ጨዋታ ከፍጻሜው አይተናነስም፤ ፐቡ ደግሞ አይጨናነቅም። ፍጻሜውን ከቅዳሴ መልስ ማየት የምትፈልጉ ጂኤኤ ፕላስ ላይ ሙሉውን ታገኙታላችሁ። ብቻ ስልካችሁን ዝጉ፤ ውጤቱን አስቀድሞ የሚነግር ጓደኛ አይጠፋም።

ጾምን በተመለከተ ደስ የሚል ነገር አለ። የሐዋርያት ጾም ሐምሌ 5 ይፈታል። ፍልሰታ ነሐሴ 1 ይገባል። ሁለቱ ፍጻሜዎች መሀል ላይ ይውላሉ። የሴቶቹ ሃርሊንግ፣ ካሞጊ የሚባለው፣ ፍጻሜው ግን በ2025 ነሐሴ 4 ነበር የዋለው፤ ፍልሰታ ውስጥ። ድንች ጥብስ ብታዙ እንኳ ዘይቱ ዓሣና ዶሮ የተጠበሰበት መሆን አለመሆኑን ጠይቁ።

የጠዋት ጨዋታ ላይ ደግሞ የአይሪሽ ቁርስ ይቀርባል። ተጠንቀቁ። ቤከኑና ቋሊማው የአሳማ ነው። ብላክ ፑዲንግ የሚሉት ጥቁር ክብ ነገር ከአሳማ ደም የሚሠራ ነው። እኔ መጀመሪያ ቀን ሳህኑ ከመጣ በኋላ ነው የጠየቅኩት፤ ልበላው ስለማልችል በሻይ ብቻ ዋልኩ። አሁን "እንቁላል፣ ባቄላ፣ እንጉዳይና ቶስት ብቻ፣ በሌላ መጥበሻ" ብዬ ነው የማዘው። ሻያቸው ደግሞ ወፍራም ነው፤ ወተት ይገባበታል። ከኛ ሻይ በወተት ብዙ አይርቅም።

መጠጥ የማትጠጡም አትፍሩ። ፐብ ውስጥ ለስላሳ ይዞ መቀመጥ ማንንም አያስቀይምም። አልኮል የሌለው ጊነስም አለ። ማወቅ ያለባችሁ ራውንድ (ተራ) የሚሉትን ልማድ ነው። አንዱ ለጠረጴዛው ሁሉ ይገዛል፤ ቀጥሎ ሌላው። እኛ "እኔ ልክፈል" ብለን ሂሳብ እንደምንሻማው ሳይሆን በተራ ነው። አንድ ሰው ከጋበዛችሁ ተራችሁ ሲደርስ ጋብዙ። ሳትከፍሉ ብትወጡ ማንም አይናገራችሁም፤ ግን ያስታውሱታል።

ስትደውሉ ምን ትጠይቁ?

"ስፖርት ታሳያላችሁ?" አትበሉ። የሁለቱን ካውንቲዎች ስም ጠርታችሁ፣ "የእሑዱን ኮርክና ቲፐሬሪ በድምፅ ታሳያላችሁ?" በሉ። ስልኩን ያነሣው ሰው ወዲያው ከመለሰ ጥሩ ነው። "ቆይ ልጠይቅ" ካለ ሌላ ቤት ፈልጉ። ተጨማሪ ሰዓት ከሄደ እስከ መጨረሻው እንደሚያሳዩም ጠይቁ። ለምን እንደምላችሁ ታውቃላችሁ። የመግቢያ ክፍያና የልጆች መግቢያ ነገር ቀጥሎ ይመጣል።

ስለዚህ እኔን ብትጠይቁኝ፦ ብቻችሁን ከሆናችሁና ጨዋታውን ማወቅ ከፈለጋችሁ የአይሪሾች ሰፈር፣ ግማሽ ፍጻሜ ቅዳሜ ቀን። ቤተሰብ ካላችሁ የክለብ ሜዳ። እንግዳ ወይም የፍቅር ጓደኛ ይዛችሁ ከሆነ መሀል ከተማ፣ ያውም በሐምሌ። የሌሊት ፈረቃ የምትሠሩ ወይም ራቅ ያለ ከተማ ያላችሁ ደግሞ ጂኤኤ ፕላስ፤ ግን አንድ ጓደኛ ጋብዙ።

የትኛውም ቤት ብትገቡ አንድ ጥያቄ አይቀርላችሁም። "የየትኛው ካውንቲ ደጋፊ ነህ?" ዝም አትበሉ፣ አንዱን ያዙ። ባዕድ ነኝ ብላችሁም አትሳቀቁ። በ2005 ኮርክ ለመጨረሻ ጊዜ ዋንጫ ሲያነሣ አምበሉ ሾን ኦግ ኦ ሃልፒን ነበር፤ እናቱ የፊጂ ሰው ናት። ለዌክስፎርድ የሚጫወተው ሊ ቺን አባቱ ማሌዥያዊ ነው።

እኔ ካርሎውን ይዣለሁ። ትንሽ ካውንቲ ነው፤ በሃርሊንግ ከታላላቆቹ ተርታ አይመደብም። በ2018 እና በ2023 በሁለተኛው ደረጃ ውድድር፣ በጆ ማክዶና ካፕ፣ አሸንፏል። የያዝኩት ግን በማሊያው ነው። መጀመሪያ ቀን ዉድሎን ስገባ አንገቴ ላይ የኛን ባንዲራ ስካርፍ አድርጌ ነበር። በር ላይ የነበረው ሰውዬ አየኝና ፊቱ በራ። "ካርሎው!" ብሎ አቀፈኝ። አረንጓዴ፣ ቢጫ፣ ቀይ። ቀለማቸው ነው። ኢትዮጵያዊ መሆኔን ስነግረው ስካርፉን ደግሞ አየው፤ ከዚያ ወንበር ስቦ ከእኚያ አዛውንት አጠገብ አስቀመጠኝ።